ያለ ባለቤቷ የመጣች ዋሽንት

ኡትሬክት፣ ሆላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአሳዳጊዬና ለአጎቴ ለአቶ ኦይታ፣

የላንቴ ሙዝ እንደሚለመልም እርስዎም ለምልመው ይህ ደብዳቤ ያግኝዎት። እትዬ አበቡ እንዴት ናቸው? ወንድሜ ክብሩስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጤናዬ አለሁ። ከእናንተ ለይቶ እዚህ አገር ያስቀረኝ ሳንባ አሁን ደረጃ ስወጣ እንኳ አያስቸግረኝም።

ስለ ሥራህ በደንብ ጻፍልኝ ብለውኝ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ለሙዚቃ በዓል ተጋብዘን መጥተን እኔ ታምሜ ሆስፒታል ስገባ፣ እናንተም ትኬታችሁ አልጠብቅ ብሎ ስትመለሱ፣ በእጄ የቀረችው ዋሽንቴ ብቻ ነበረች። ለሳንባህ ጥሩ ነው ንፋ ቢሉኝ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እነፋት ጀመር። አጠገቤ የተኙት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ግን ዝም ያልኩ ቀን "ዛሬ ምነው ጠፋህ?" ማለት አመጡ። እነዚህ ሙዚቀኞች ያገኙኝ በዚያ ሰበብ ነው። አንዱ ከሴኔጋል ነው፤ ክሩ የበዛ በገና የሚመስል ነገር ይመታል። አንዷ ከኢራን ናት፤ ከበሮ አላት። ጊታር የሚጫወተው ከቺሊ የመጣ ነው። በየሆስፒታሉና በየአረጋውያን መኖሪያው እየዞርን ለታመመና ለደከመ ሰው እንጫወታለን። እምቢ ያለው ይበላል፣ ዝም ያለው ይናገራል፣ ህመም የበዛበት ለአፍታም ቢሆን ይረሳል። ሥራዬ ይኸው ነው።

ግን እርስዎ ያውቁታል፤ የኛ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የላትም፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። ክብ ሠርተን ቆመን ድምፁ ካንዱ ወዳንዱ ሲሮጥ ነው ዘፈን የሚሆነው። ጓደኞቼ የየአገራቸውን ሙሉ ዘፈን ተጫውተው ሲጨርሱ "ዳና፣ አሁን ደግሞ ያንተን አገር አሰማን" ይሉኛል። ቆሜ ያቺን አንድ ድምፅ እነፋለሁ። የሚቀጥል መስሏቸው ያዩኛል። ከእኔ ቀጥሎ የእርስዎ ተራ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሉም። ጥቂት ቆይተው ያጨበጭባሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው።

ወይዘሮ ኮርኔሊያ የሚባሉ አሮጊት አሉ። የልጆቻቸውን ስም ረስተዋል፤ የእኔንም በመጣሁ ቁጥር ይጠይቁኛል። ድምፄን ግን አልረሱም። ገና በሩን ስከፍት ዋሽንቴን ከኪሴ ሳላወጣ "ሁ" ይላሉ፤ ልክ በዋሽንቴ ልክ። እዚህ አገር በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ዘፈኑን በሙሉ በካሴት ቀርፃችሁ ላኩልኝ። ማታ ወደ ክፍሌ ስገባ ዝምታው በዛብኝ። በቦታዬ ላይ ማንን እንዳቆማችሁም ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።

አክባሪ ልጅዎ
ዳና


ላንቴ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳና፣

ጌታ በወጣህበት ይጠብቅህ፣ በገባህበትም አይለይህ። እዚህ ሁላችንም አለን። ሙዙ አለ፤ ሙዙን የሚበላብን ዝንጀሮም አለ። አበቡ ሰላም ብላሃለች። "አገባ ወይ ብለህ ጠይቀው" ብላ ራሴ ላይ ቆማለች፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

በጋሞኛ ብጽፍልህ ልቤን ሁሉ አወጣው ነበር። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄ የሚያውቀው አማርኛውን ነው። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት በራሳችን ቋንቋ ይጽፋሉ አሉ፤ ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነ እኔ አላነበውም። እንግዲህ አንተና እኔ በተውሶ ቋንቋ እንናፈቅ፤ ምን ይደረጋል።

ካሴቱን በተመለከተ፣ አይሆንም። መቅረጫ ጠፍቶ አይደለም፤ ክብሩ ከጦሩ ሲሰናበት ይዞ መጥቷል። ጎደሎ ዘፈን አይቀረፅም። ደግሞ በቦታህ ማንን እንዳቆምን ትጠይቀኛለህ? ፈረንጅ አገር ሲቀመጡ ይህም ይረሳል እንዴ? በሕይወት ያለ ሰው ቦታው ለሌላ አይሰጥም። ዋሽንት ያለ ባለቤቷ ቤት የምትገባው ባለቤቷ የሞተ ቀን ነው። ያን ቀን በለቅሶው መሃል ተተኪው ይቆማል። አንተ እየተነፈስክ ቦታህን ማን ይነካዋል? ሁለተኛው ነፍቶ አንተ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ በትንፋሽህ ልክ። ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ። ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ እኔ አልለመድኩትም።

ባለፈው መስቀል እንደዚያው ተጫወትን። አንድ ከአዲስ አበባ መጥቶ አርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ የሚማር ልጅ "አባባ፣ እዚህ ጋ ለምንድነው የምትቆሙት?" አለኝ። "ሰው እየጠበቅን ነው" አልኩት። ልጁ እውነት መስሎት ወደ መንገዱ ዞሮ አየ።

የታመመ ሰው ደጅ ሄዶ መንፋቱንም አልተውንም። በቀደም አርባ ምንጭ ሴቻ ድረስ ተጠርተን አንዲት የተኛች ሴትዮ ደጅ ነፋን። ሰምታ ሰምታ "ይሄ ዘፈን ከኔ የባሰ ታሟል" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ውሃም ጠየቀች። ጎደሎውም ያድናል ማለት ነው።

ክብሩ ግን ያሳዝነኛል። ከጦሩ ከተመለሰ ወዲህ ከሰው አይቀላቀልም፤ ስንነፋ ብቻ መጥቶ ከክቡ ውጭ ይቆማል። "ዳና ካልመጣ ለምን እኔ አልቆምም?" ይለኛል። "ዳና አለ" እለዋለሁ።

አንተ አንድ ድምፅ እየነፋህ ደመወዝ ትበላለህ፤ እኛ እዚህ ስንቱን ድምፅ በነፃ እንነፋለን። ቀልዴን ነው፣ አትቆጣ። ለበዓል ልብስ ልትልክ አስበህ ከሆነ ተወው፤ ራስህን ላክ። አርጅቻለሁ ዳና። ትንፋሼ ሲያጥር ይሰማኛል። ዘፈኑን ሞልቶ ሳልሰማው እንዳልሞት ነው የምፈራው። መቼ ትመጣለህ?

አጎትህ ኦይታ


ኡትሬክት
ሰኔ 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኦይታ፣

እግዚአብሔር ትንፋሽዎን ያርዝምልኝ። መልስ ያዘገየሁት "መቼ ትመጣለህ?" ለሚለው መልስ ስፈልግ ነው፤ አላገኘሁም። እመጣለሁ ብሎ መጻፍ አያቅትም፤ እርስዎ ግን የጻፍኩትን ቃል ብለው ይይዙታል። ስለዚህ ይህንን እንዝለለውና ወደ ችግሬ ልግባ።

ዋሽንቴ ተሰነጠቀች። ብርዱ የጠናበት ሰሞን ክፍል ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጫት ወጣሁ፤ ስመለስ ከአፏ እስከ ወገቧ ተከፍታለች። በሰም ሞከርኩ፣ በክር ጠፍሬ ሞከርኩ። አየር ነው እንጂ ድምፅ አይወጣትም። እኔ እንኳ እችለው ነበር። ወይዘሮ ኮርኔሊያ ጋ ስሄድ እንደ ልማዳቸው "ሁ" ብለው ጠበቁኝ። ዝም አልኩ። እንደገና "ሁ" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ስንጫወት አይወጡም፤ ምግብም ቀንሰዋል ይላሉ አስታማሚዎቹ። የኢራኗ ልጅ ሌላ ዋሽንት ገዝታ ሰጠችኝ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ። እሳቸው ግን ጆሮ አልሰጡትም።

ዮርዳኖስ የምትባል የሴቻ ልጅ እዚህ ነርስነት ትማራለች። ለዕረፍት አዲስ አበባ ልትሄድ ስለሆነ ዋሽንቷን ለእሷ ሰጥቻታለሁ። አርባ ምንጭ ድረስ መውረድ ስለማትችል ሙዝ ጭነው ለሚመላለሱት ሹፌሮች ትሰጥልኛለች። እርስዎ ለካምባው ዋሽንት ቆራጭ ያድርሱልኝ። ከሆነለት ይጠግናት፤ ካልሆነለት በልኳ ሌላ ይቁረጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ በፖስታ የምልከው ለአንድ ነገር ነው። ዋሽንቷ ብቻዋን ስትመጣ እንዳትደነግጡ። እኔ አለሁ፣ አልሞትኩም፣ አልታመምኩም። ለክብሩም ለእትዬ አበቡም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። እንደ ወትሮው በመምህር ሶፎንያስ ስም፣ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ነው የላክሁት።

ልጅዎ
ዳና


ላንቴ
ነሐሴ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዳናን ለቀበራችሁልን ሰዎች፣
ኡትሬክት፣ እሱ ይኖርበት በነበረው ቤት

ስማችሁን አላውቅም፤ ጌታ ያውቃችኋል። አማርኛ የሚያነብ ሰው ፈልጋችሁ ታስነብባላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። የሰው አገር ሰው የቀበረ እጃችሁ አይድከም።

ዋሽንቷ ደርሳናለች። ያመጣት ከአዲስ አበባ የተመለሰ የሙዝ አይሱዙ ሹፌር ነው። "ከሆላንድ የመጣ የዳና ዕቃ ነው" አለኝ። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ጨርቁን ስፈታው ተሰንጥቃለች። በእኛ ዘንድ ዋሽንት ያለ ባለቤቷ ከመጣች ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። ሥርዓታችንን አውቃችሁ በመላካችሁ አመሰግናለሁ። እሱ ራሱ ሳይናዘዝላችሁ አልቀረም።

እኔ አጎቱ ነኝ፤ አባቱም እናቱም ስለሞቱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ለቅሶውን ተቀመጥን። ባለቤቴ አበቡ ፀጉሯን ተላጨች። የዳና ዋሽንት ስለማትጮህ የካምባው ቆራጭ መጥቶ በልኳ ሌላ ቆረጠና ወንድሙ ክብሩ በቦታው ቆመ። የተሰነጠቀችውን በግራ እጁ ይዞ አዲሷን ነፋ። ከአራት ዓመት በኋላ ዘፈኑ ሞላ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሲሞላ ደስ አለኝ። ልጄን እያለቀስኩ ደስ አለኝ። ደስታዬን ሳየው ጠላሁት፤ ተራዬ ሲደርስም መንፋት አቃተኝ።

ጥቂት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። በምን ሞተ? ያው ሳንባው ነው? እሱ ለእናንተ በሽተኞች ይነፋ እንደነበረ ጽፎልኛል። ለእሱስ ሲታመም ደጁ ላይ የነፋለት ሰው ነበር? መቃብሩ የት ነው፣ ዛፍ አለው? ዳና ብርድ አይወድም። ትንሽ ሳለ ከጨንቻ ገበያ ስንመለስ ጉሙ ሲይዘን ጋቢዬ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚሄደው፤ እኔ ደግሞ እየረገጠኝ እቆጣው ነበር። አገራችሁ ብርድ ነው ሲሉ እሰማለሁ። አፈሩን በደንብ አልብሳችሁት ከሆነ ይበቃኛል።

ኦይታ፣ የዳና አጎት


ኡትሬክት
መስከረም 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አለሁ!

ሰላምታውን በኋላ እጽፋለሁ። አለሁ፣ ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ የእጄን ጽሑፍ ያውቁታል። የሰኔው ደብዳቤዬ የት ገባ? ዋሽንቷ ለጥገና ነው የመጣችው። ክረምት ትምህርት ቤቱ ዝግ እንደሆነ፣ ሣጥኑን የሚከፍት እንደሌለ እኔ ጅሉ አላሰብኩም።

ለቀባሪዎቼ የጻፉት ደብዳቤ በእኔ አድራሻ መጣ። በዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ከፍቼ አነበብኩት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለሟቹ ሲያረዱት ግን ከእኔ በፊት የደረሰበት ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። "ደጁ ላይ የነፋለት ሰው ነበር?" የሚለው ላይ ስደርስ ግን መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አልዋሽዎትም፤ ሞቼ ቢሆን ኖሮ የሚነፋልኝ አልነበረም። ጓደኞቼ ይመጡ ነበር፣ የሴኔጋሉም የአገሩን ዘፈን ይመታልኝ ነበር። የእኔን ግን ማን ያውቀዋል? አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። በዚህ አገር ስኖር ብርድ ይዞህ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እርስዎ ለሬሳዬ ጠየቁልኝ።

እትዬ አበቡን በእግራቸው ላይ ወድቀው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ፀጉራቸው ያበቅላል፤ የእኔ ኀፍረት ግን አለ። አንድ ነገር ደግሞ ይንገሩኝ። ክብሩን ማስለቀቅ አልፈልግም፤ ቢሆንም ልወቀው። እናንተ ዘንድ አለሁ ወይስ የለሁም?

ዳና


ላንቴ
ኅዳር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

አንተ የማትሞት ልጅ፣

ጌታ ይባርክህ፣ ከባረከህ በኋላ ደግሞ እኔ በዱላ ላግኝህ። መምህር ሶፎንያስ የሣጥኑን ቁልፍ እንደያዘ ለሥልጠና ሄዶ ቆይቶ ሲመለስ ሁለቱንም ደብዳቤዎችህን ባንድ ቀን አመጣልኝ። አዲሱን መጀመሪያ ከፈትኩት። "አለሁ" የምትለውን ሳይ ቤቱ ዞረብኝ። አበቡ ሌላ መርዶ መስሏት ጮኸች፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ለለቅሶ የመጣ ሰው ስቆ ሲሄድ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያንን ሁሉ እንባ ከየት ብዬ ልልቀመው? አበቡ "ሲመጣ ፀጉሬን ይዞልኝ ይምጣ" ብላሃለች።

ክብሩ ሲሰማ ሮጦ መጥቶ ዋሽንቷን ሰጠኝና "ልመልስለት?" አለኝ። ደስ ብሎት ያለቅሳል። በቦታህ ከቆመ ወዲህ ይበላል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል፣ ባለፈው መስቀል ደግሞ ዘፍኗል። እኔም ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር አሉ። በለቅሶ የተሰጠ ቦታ አይመለስም አሉ። ይህ የእኔም ቃል ነበር፤ ክብሩን አራት ዓመት ያስቆምኩበትን ሕግ ዛሬ ላንተ ብዬ አላፈርሰውም። ስለዚህ በክቡ ውስጥ ቦታ የለህም ልጄ።

ሁለተኛው ደግሞ የተለቀሰለት ሰው በደብዳቤ አይነሳም አሉ። በእግሩ መጥቶ፣ ያለቀሱለት ሰዎች ፊት ተቀምጦ ሲበላ መታየት አለበት። እስከዚያ ስሙ በቤት አይጠራም። እኛም አንጠራህም። "ያ ልጅ ጻፈ"፣ "ያ ልጅ ደህና ነው" እንላለን። አበቡ አንዳንዴ ትሳሳትና አፏን በእጇ ትይዛለች። አለሁ ወይስ የለሁም ብለህ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው።

ካሴቱን ልኬልሃለሁ። ክብሩ በለቅሶህ ላይ "ለወንድሜ የከለከልነውን ልቅረፅለት" ብሎ የቀረፀው ነው። አሁን ጎደሎ አይደለም። ለአሮጊቷ ብሎ ደግሞ የካምባው ሰው በዚያው ልክ አንዲት ዋሽንት ቆርጧል። እሷ የክባችን አይደለችም፤ ለሥራህ ናት፣ ለፈለግኸው ስጣት። የተሰነጠቀችውን አልላክሁም። ምሰሶው ላይ ሰቅያታለሁ፤ መጥተህ አውርዳት።

አጎትህ ኦይታ


ኡትሬክት
ጥር 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኦይታ፣

ዕድሜና ትንፋሽ ይስጥዎት። ካሴቱ ደርሶኛል። ብቻዬን ልከፍተው ፈርቼ ጠረጴዛዬ ላይ አቆየሁት፤ በመጨረሻ ወደ አረጋውያኑ ቤት ይዤው ሄድኩ። በአዲሷ ዋሽንት ወይዘሮ ኮርኔሊያ ወደምንጫወትበት ክፍል መውጣት ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ይበላሉም። ጓደኞቼም ነበሩ። "ዛሬ የአገሬን ዘፈን በሙሉ አሰማችኋለሁ" ብዬ ካሴቱን ከፈትኩት።

አጎቴ፣ እኔ ይህን ዘፈን ሰምቼው አላውቅም ለካ። ከልጅነቴ ጀምሮ በውስጡ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ነበር የኖርኩት። የእርስዎን ትንፋሽ ለየሁት፤ እውነትዎን ነው፣ አጥሯል። የእትዬ አበቡ ልቅሶ ከኋላ ይሰማል። ሁለተኛው ነፍቶ ሲያበቃ ከንፈሬ ሳላዘው ተዘጋጅቶ ነበር። ክብሩ ቀደመኝ። ጥሩ አድርጎ ነው የነፋው፤ ይንገሩልኝ። እኔ እዚያ ሰው ሁሉ መሃል አፌን እንዳሾልኩ ቀረሁ።

ወይዘሮ ኮርኔሊያ ዙሩ በመጣ ቁጥር በቦታዬ ላይ "ሁ" ይላሉ። ካሴቱ ሲያልቅ እጄን ያዙኝ።

"ሰዎችህ ናቸው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ያንተን የሚነፋው ማነው?"

የልጆቻቸውን ስም የማያውቁት ሴት ናቸው እንግዲህ ይህን የለዩት። "ወንድሜ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ሰዎችህ ሁሉ እዚያ ሆነው አንተ እዚህ ብቻህን ምን ትሠራለህ?"

እርስዎ ሲጠይቁኝ ዘለልኩት፤ እሳቸው እጄን ይዘውኛልና የምዘልበት አጣሁ። "ለእርስዎ ልነፋ ነው የመጣሁት" አልኩ። ውሸት አይደለም። እሳቸውም "ልጄ፣ እኔ እኮ ነገ እረሳሃለሁ" አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። በማግስቱ ስሄድ ማን ትባላለህ አሉኝ።

እናንተ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብላችሁ ጠበቃችሁኝ። ይህን ሳስብ ዋልኩ።

አዲሷን ዋሽንት ለኢራኗ ልጅ ሰጥቻታለሁ። የክባችን ስላልሆነች ነውር የለውም። አስተማርኳት፤ አንድ ድምፅ ስለሆነ ብዙ አልፈጀም። እሷ በሩን ከፍታ ስትነፋ ወይዘሮ ኮርኔሊያ "ሁ" ብለው መለሱላት፤ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር።

ለፋሲካ ላንቴ እደርሳለሁ። ቃል ነው፤ ይያዙብኝ። ቦታ አልጠይቅም። እናንተ ስትነፉ ክብሩ ይቆምበት የነበረው ቦታ፣ ከክቡ ውጭ፣ ይበቃኛል። የታመመ ሰው ደጅ ስትሄዱም ከኋላ ተከትዬ እመጣለሁ። ያለቀሱልኝ ሁሉ ይጠሩልኝ፤ ኮጮና ጎመን ይቀርብና ስበላ ይዩኝ። እትዬ አበቡ ስሜን መጀመሪያ እሳቸው ይጥሩት። እስከዚያ ግን እዚህ የምፈርመው ስም የለኝም።

ያ ልጅ